ባዮሜዲካል ላብ (ላብራቶሪ) ውስጥ የምርምር ቦታ አፈላለግ፦ ከመጀመሪያው ዝርዝር እስከ መጀመሪያው ቀን

«ላብ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ፤ ማስታወቂያ ስታይ ላክልኝ።» ይህ መልእክት ስንቴ እንደደረሰኝ ቆጥሬ አልዘልቀውም። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ማስታወቂያ አትጠብቁ፣ ላቡን ፈልጉ። የዩኒቨርሲቲ ላብ ሰው የሚቀጥረው ገንዘብ ሲገባለትና የሚሠራ እጅ ሲጎድለው ነው። ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው ሲወጣ ኃላፊው አንድ ሁለት ስም አስቀድመው በልባቸው ይዘዋል። አንዳንዴ ደግሞ ማስታወቂያው ጭራሽ አይወጣም። የእናንተ ሥራ ከእነዚያ ስሞች አንዱ መሆን ነው። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ መመለስ ስላቃተኝ፣ የማውቀውን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ አዘጋጁ

- ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ሲቪ፣ በፒዲኤፍ
- የትምህርት ውጤት ዝርዝር (ትራንስክሪፕት)፣ ስካን የተደረገ
- ስለ ሥራችሁ መመስከር የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች። ስማቸውን ከመስጠታችሁ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቁ
- የኦርኪድ መለያ ቁጥር። በነፃ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ ቁጥር ነው፤ ስማችሁ በየሰነዱ በተለያየ ፊደል ቢጻፍም ሥራችሁ ከሌላ ሰው ጋር አይምታታም
- ስማችሁን ብቻ የያዘ ኢሜይል አድራሻ። የልጅነት ቅጽል ስማችሁ ያለበትን ተዉት
- አንድ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት

1. የትኛውን ቦታ እንደምትፈልጉ ወስኑ

ላብ ውስጥ ያሉ ቦታዎች የሚለያዩት በስም ብቻ አይደለም፤ ደመወዙ የሚወጣበት ኪስ ይለያያል። ኪሱ ሲለያይ የምታንኳኩት በርም ይለያያል።

የረዳት ተመራማሪና የቴክኒሻን ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ከላቡ ኃላፊ ግራንት (ለምርምር ከተሰጣቸው ገንዘብ) ነው። ስለዚህ ዋናው ወሳኝ ኃላፊው ናቸው፤ በቀጥታ ለእሳቸው ጻፉ። የዶክትሬት ተማሪ ለመሆን ግን መንገዱ እንደየአገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ በባዮሜዲካል ዘርፍ ብዙ ጊዜ የሚያመለክቱት ለፕሮግራሙ ነው። ከገባችሁ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ላቦች እየዞራችሁ ትሞክራላችሁ፤ ሮቴሽን ይሉታል። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መግባትም ይቻላል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ ፕሮፌሰሩ ገንዘብ ላገኙበት ፕሮጀክት ራሳቸው ይቀጥራሉ፤ በአብዛኛው ማስተርስ ይጠየቃል። ድኅረ ዶክትሬት (ፖስትዶክ) ከሆነ ወይ ከኃላፊው ግራንት ይከፈላችኋል፣ ወይ የራሳችሁን ፌሎውሺፕ (በስማችሁ የተሰጠ የምርምር ገንዘብ) ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ፌሎውሺፕ ካሰባችሁ ደንቡን ቀድማችሁ አንብቡ። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ፌሎውሺፕ፣ ከማመልከቻው መዝጊያ ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረን ወይም የሠራን ሰው አይቀበልም። ይህን ሳያውቅ «መጀመሪያ ሄጄ ልልመደው» ብሎ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ሰው፣ እዚያው አገር ለመቆየት በዚህ ፌሎውሺፕ ማመልከት አይችልም።

2. ጥያቄያችሁን አጥብቡ

«ካንሰር ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» ለላብ ኃላፊ ምንም አይነግራቸውም። «የጡት ካንሰር ሴሎች መድኃኒት እንዴት እንደሚለምዱ ማጥናት እፈልጋለሁ» ግን ይነግራቸዋል። አንድ የባዮሎጂ ጥያቄና ሁለት ሦስት የአሠራር ዘዴ ምረጡ። ይህን ስታደርጉ በር የምትዘጉ ይመስላችኋል፤ በተግባር ግን ፍለጋው የሚጀምረው ያኔ ነው። የምትፈልጉት ቃል ከሌለ ቀጣዩን ደረጃ መሥራት አትችሉም።

ዌት ላብ (በፓይፔትና በሴል የሚሠራው) ወይስ ድራይ ላብ (በኮምፒውተር መረጃ የሚተነተንበት)? ይህንንም ለዩ። የላብ ልምድ ለሌላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቤት ቁጭ ብሎ ሴል ማሳደግ አይቻልም፤ መረጃ መተንተን ግን ይቻላል። ጂኢኦ የሚባለው የአሜሪካ የጂን መረጃ ማከማቻ ለማንም ክፍት ነው። ከታተመ ጥናት አንድ ግራፍ ምረጡ። መረጃውን ከዚያ አውርዱና በአር ወይም በፓይተን ግራፉን መልሳችሁ ሥሩት። ፕሮግራም መጻፍ ካልቻላችሁ ጋላክሲ የተባለውን ነፃ ድረ ገጽ ተጠቀሙ። የሠራችሁትን ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጡ። «ፓይተን እችላለሁ» ከሚል መስመር ይልቅ የሚከፈት ሊንክ ያሳምናል።

3. ከ15 እስከ 20 ላቦች ዘርዝሩ

ፐብሜድ ላይ ግቡ። በነፃ የሚሠራ የሕክምናና የባዮሎጂ ጥናቶች ማውጫ ነው። በአድቫንስድ ፍለጋ ገጹ የጥናት ርእሳችሁን ጻፉ፤ አፊሊዬሽን በሚለው ሳጥን ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ወይም የከተማውን ስም አስገቡ። ውጤቱን ባለፉት 3 ዓመታት ገድቡት። ከአሥር ዓመት በፊት በርእሱ ላይ የሠራ ላብ ዛሬ ሌላ ነገር ላይ ሊሆን ይችላል።

አሁን የደራሲዎቹን ቅደም ተከተል አንብቡ። በባዮሜዲካል ጽሑፎች ልማድ፣ መጀመሪያ የተጻፈው ስም ሥራውን በአብዛኛው በእጁ የሠራው ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ስም አብዛኛውን ጊዜ የላቡ ኃላፊ ነው። የምትጽፉት ለመጨረሻው ስም ነው። የመጀመሪያውን ስም ግን አትርሱት። እሱ ተመርቆ ከወጣ ወንበሩ ባዶ ነው ማለት ነው። ገና ካለ ደግሞ ስለ ላቡ እውነቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የታተመ ጥናት የሚያሳየው ላቡ ትናንት የሠራውን ነው፤ ከሙከራው እስከ ኅትመቱ ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ያልፋል። ዛሬ ምን እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ ባዮአርካይቭንና ሜድአርካይቭን ተመልከቱ። ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን ከግምገማ በፊት የሚያስቀምጡባቸው ቦታዎች ናቸው።

በሺታችሁ ላይ እነዚህን ዓምዶች ክፈቱ፦ የኃላፊው ስም፣ ተቋም፣ ጥያቄያቸው ባንድ መስመር፣ ዘዴዎቻቸው፣ ግራንቱ የሚያልቅበት ዓመት፣ የተላከበት ቀን፣ መልስ። አሁን ትርፍ ሥራ ይመስላል። አሥራ አንደኛው ኢሜይል ላይ ስትደርሱ ግን ለማን ምን እንዳላችሁ አታስታውሱም።

4. ላቡ ገንዘብ እንዳለው አረጋግጡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። እኔ ግን አንድ ሰዓት ብቻ ቢኖረኝ እዚህ ላይ አጠፋዋለሁ። ኃላፊው ምንም ያህል ቢወዷችሁ ግራንታቸው ሊያልቅ አራት ወር ከቀረው ሊቀጥሯችሁ አይችሉም። ግራንቱ ባለፈው ወር ከጸደቀ ግን ሰው እየፈለጉ ነው።

ደግነቱ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ምርምር በብዙ አገር በይፋ ተመዝግቦ ይገኛል። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤንአይኤች) ሪፖርተር የተባለ መፈለጊያ አለው። የኃላፊውን ስም ስታስገቡ የፕሮጀክቱን ርእስ፣ የገንዘቡን መጠን፣ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ያወጣላችኋል። ለአውሮፓ ኅብረት ኮርዲስ፣ ለእንግሊዝ ጌትዌይ ቱ ሪሰርች፣ ለጀርመን ጌፕሪስ፣ ለጃፓን ካኬን አሉ። ሁሉም ያለ ክፍያ ይከፈታሉ።

ስታነቡ ሦስት ነገር ፈልጉ። ገና የጀመረ ግራንት ካለ ወዲያው ጻፉ። ሊያልቅ ከአንድ ዓመት በታች የቀረው ብቻ ከሆነ ላቡን ወደ ዝርዝሩ ግርጌ አውርዱት። አዲስ የተከፈተ ላብ ካገኛችሁ ደግሞ ቀይ አስምሩበት። ለምሳሌ የአውሮፓ ምርምር ካውንስል ስታርቲንግ ግራንት በቅርቡ ያገኘ ወጣት ተመራማሪ እስከ 5 ዓመት የሚቆይ ገንዘብ አለው፤ ቡድኑን ግን ገና እየገነባ ነው። ስመ ጥር ፕሮፌሰር ዘንድ በየቀኑ ብዙ ጥያቄ ይገባል። አዲሱ ሰው ጋ ወረፋው አጭር ነው፣ ሥልጠናውም ብዙ ጊዜ ከራሱ እጅ ነው።

የላቡን ድረ ገጽ የአባላት ዝርዝርም እዩ። የቀድሞ አባላት የት ደረሱ? አንድም የቀድሞ ተማሪ ያልተጠቀሰበት የቆየ ላብ ካያችሁ፣ ለቃለ መጠይቁ ጥያቄ አድርጋችሁ ያዙት።

5. ከእያንዳንዱ ላብ ሁለት ጽሑፍ አንብቡ

ሁሉንም መስመር መረዳት አይጠበቅባችሁም። አጠቃሎውን (አብስትራክቱን)፣ ሥዕሎቹንና የውይይት ክፍሉን የመጨረሻ አንቀጾች አንብቡ። ደራሲዎቹ የጥናታቸውን ውስንነትና ቀጣይ ሐሳባቸውን ብዙ ጊዜ እዚያ ይጽፋሉ። ለእናንተ የሚሆነው ጥያቄ ያለው እዚያ ነው። አንድ ብቻ ያዙ፤ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይበቃል።

6. ሲቪውን ለላብ ሰው ጻፉት

የላብ ኃላፊ ሲቪ ሲያዩ ዓይናቸው የሚሄደው «ይህ ሰው በእጁ ምን ሠርቷል?» ወደሚለው ነው። ስለዚህ የዘዴዎች ዝርዝር ከላይ ይሁን። እያንዳንዱን ዘዴ ከሦስት ባንዱ መድቡት፦ ብቻዬን ሠርቻለሁ፣ በእገዛ ሠርቻለሁ፣ ሲሠራ አይቻለሁ። ፒሲአር፣ ዌስተርን ብሎት፣ ኤሊዛ፣ ሴል ከልቸር፣ እያላችሁ ቀጥሉ። ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? አይታችሁት ብቻ የምታውቁትን «እችላለሁ» ካላችሁ በቃለ መጠይቁ ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ እውነት የጻፋችሁትም አይታመንም።

ፎቶ፣ የጋብቻ ሁኔታና «ታታሪ ነኝ» የሚሉ ቃላት ቦታ ይፈጃሉ። አውጧቸው።

7. ኢሜይሉን ጻፉ

አጭር ይሁን፤ ስልክ ላይ ሳይንሸራተት የሚነበብ። ናሙናው ይኸው። ውስጡ ያለው ጥናት ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ነው (ማክሮፋጅ ባክቴሪያን የሚውጥ የሰውነት መከላከያ ሴል ነው)፤ እንዳለ አትገልብጡት።

*ርእስ፦ የረዳት ተመራማሪነት ጥያቄ፣ የማክሮፋጅ ጥናት፣ ከመስከረም ጀምሮ*

*ክቡር ፕሮፌሰር …*

*በባዮኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ዘንድሮ አጠናቅቄያለሁ። የምጽፍልዎ በላብራቶሪዎ የረዳት ተመራማሪ ቦታ ይኖር እንደሆነ ለመጠየቅ ነው።*

*ባለፈው ዓመት ባሳተሙት ጥናት ማክሮፋጆች ብረት ሲበዛባቸው ባክቴሪያ የመግደል አቅማቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሙከራው የአይጥ ሴሎች ላይ ስለነበር፣ ከሰው ደም በሚገኙ ማክሮፋጆች ላይስ ያው ይታይ ይሆን የሚል ጥያቄ አደረብኝ።*

*ለመመረቂያ ሥራዬ ለ6 ወር ሴል ከልቸርና ኤሊዛ ብቻዬን ሠርቻለሁ። ፍሎው ሳይቶሜትሪ ሲሠራ አይቻለሁ እንጂ አልሠራሁም፤ መማር እፈልጋለሁ።*

*ከመስከረም ጀምሮ ሙሉ ጊዜ መሥራት እችላለሁ። ሲቪዬ ተያይዟል። 15 ደቂቃ ቢሰጡኝ በኦንላይን ብንነጋገር ደስ ይለኛል።*

የመጀመሪያው አንቀጽ ማን እንደሆናችሁና ምን እንደምትፈልጉ ይናገራል፤ ኃላፊው መፈለግ የለባቸውም። ሁለተኛው ይህ ኢሜይል ለሌላ ሰው ሊላክ እንደማይችል ያሳያል፤ የጅምላ ደብዳቤ አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህ አንቀጽ ነው። ሦስተኛው እጃችሁን ያሳያል፣ የማትችሉትንም በግልጽ ይናገራል። አራተኛው ትንሽ ነገር ይጠይቃል። «ቅጠሩኝ» ለሚል ሰው «አይ» ማለት ቀላል ነው፤ 15 ደቂቃ ለለመነ ሰው ግን ይከብዳል። ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ እዚሁ ባንድ መስመር ጥቀሱት። የወረቀቱ ሥራ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ኃላፊው ከመጀመሪያው ማወቅ አለባቸው።

8. በጥቂት በጥቂቱ ላኩ፣ ተከታተሉ

በሳምንት ሦስት ወይም አራት ላኩ። ከዚያ በላይ ከሆነ ጥራቱ ይወርዳል፤ መልስ ካልመጣ ደግሞ ጽሑፉን ለማስተካከል ጊዜ አይኖራችሁም። በአሥር ቀን ውስጥ ዝም ከተባላችሁ ለዚያው ኢሜይል ምላሽ አድርጋችሁ ሁለት መስመር ጻፉ። አሁንም ዝም ካሉ ተዉት። ብዙውን ጊዜ ዝምታው ጥላቻ አይደለም፤ የግራንት ማመልከቻ መዝጊያ ሳምንት ላይ ደርሳችሁባቸው ሊሆን ይችላል።

«ለጊዜው ቦታ የለኝም» ካሏችሁ አመስግኑና «ሰው የሚፈልግ ሌላ ላብ ያውቁ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህች ጥያቄ ቦታ ያገኙ ሰዎችን አውቃለሁ።

ጎን ለጎን ማስታወቂያም ተመልከቱ፤ አልከለክልም። ዩራክሰስ፣ ኔቸር ካሪየርስና የዩኒቨርሲቲዎቹ የራሳቸው የቅጥር ገጾች ይጠቅማሉ። ማስታወቂያ ባለበት ቦታ ለኃላፊው ብትጽፉም በሥርዓቱ በኩልም አመልክቱ። በአስተዳደሩ መዝገብ ያልገባን ሰው እሳቸውም ሊቀጥሩ አይችሉም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- የሌላ ሰው ስም ያለበት ኢሜይል። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። ከአንዱ ላብ ወደ ሌላው ገልብጬ ስሙን ሳልቀይር ላክሁ። መልሱ «ለእኔ የተጻፈ አይመስለኝም» የሚል አንድ መስመር ነበር። አሁን ስሙን የምጽፈው ከመላኬ በፊት መጨረሻ ላይ ነው።
- ባንድ ኢሜይል ለሃያ ፕሮፌሰር መላክ። ሁሉም የሁሉንም አድራሻ ያያሉ፣ ማንም አይመልስም።
- ባንድ ክፍል ውስጥ ላሉ ሦስት ላቦች በአንድ ቀን መጻፍ። ቡና ሲጠጡ ይነጋገራሉ። በየተራ አድርጉት።
- ጽሑፉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፎ ሳያነቡ መላክ። ኃላፊው ያልሠሩትን ጥናት «አደንቃለሁ» ብሎ የመጣ ደብዳቤ በዓይኔ አይቻለሁ።
- ሰኞ ልኮ ረቡዕ «አላዩትም እንዴ?» ማለት።

9. ቃለ መጠይቅ

ብዙ ጊዜ የሠራችሁትን በአጭሩ እንድታቀርቡ ይጠይቋችኋል። ጥያቄው ምን ነበር፣ ለምን ያንን ዘዴ መረጣችሁ፣ ምን አልሠራም? የመጨረሻውን አትደብቁ። ላብ ውስጥ አብዛኛው ሙከራ አይሳካም፤ ሊያውቁ የሚፈልጉት ያን ጊዜ ምን እንደምታደርጉ ነው።

መሠረታዊ ጥያቄዎችም ይመጣሉ። «10ኤክስ ከሆነ (በ10 እጥፍ ከተጠናከረ) በፈር 500 ሚሊ ሊትር 1ኤክስ እንዴት ትሠራለህ?» ከ10ኤክሱ በፈር 50 ሚሊ ሊትር፣ 450 ሚሊ ሊትር ውኃ። «የፒሲአር ኔጌቲቭ ኮንትሮልሽ (ዲኤንኤ ያልተጨመረበት ማነጻጸሪያ) ላይ የዲኤንኤ መስመር ቢወጣስ?» ብክለት ገብቷል ማለት ነው፤ የዚያን ቀን ውጤት አታምኑትም፣ ውኃውንና ሪኤጀንቱን በአዲስ ተክታችሁ ትደግሙታላችሁ። እነዚህን የሚሳሳተው የማያውቅ ሰው ብቻ አይደለም፤ የተደናገጠም ይሳሳታል። ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ።

እናንተም ጠይቁ። ፓይፔት አያያዝ በየቀኑ የሚያሳየኝ ማነው? ፕሮጀክቱ በስንት ጊዜ ውስጥ እንዲያልቅ ታስቧል? የደራሲነት ስም በምን ይወሰናል? ከዚያ ኃላፊው በሌሉበት ከላቡ አባላት ጋር ለመነጋገር ፈቃድ ጠይቁ። ለተማሪዎቹ «ኃላፊው ጎበዝ ናቸው?» አትበሉ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «መጨረሻ ያስተካከሉላችሁን ረቂቅ በስንት ቀን መለሱ?» በሉ። መልሱ ሲዘገይ ወይም ሰዎቹ ሲተያዩ የምታውቁት ነገር አለ።

ተጠንቀቁ

ለማመልከቻ፣ ለ«ቦታ ማስያዣ» ወይም ለቅጥር ደብዳቤ ገንዘብ የሚጠይቅ ላብ ካጋጠማችሁ ሽሹ። ተመራማሪ ሲቀጠር ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም። የዶክትሬት ፕሮግራሞች የማመልከቻ ክፍያ ሊኖራቸው ይችላል፤ የሚከፈለው ግን በዩኒቨርሲቲው ይፋዊ ገጽ በኩል እንጂ በግለሰብ ሒሳብ አይደለም። ኢሜይሉ ከዩኒቨርሲቲው አድራሻ መምጣቱን፣ የሰውየውም ስም በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ መኖሩን አረጋግጡ።

ያልታተመ መረጃ ያለ አማካሪያችሁ ፈቃድ በቃለ መጠይቅ አታሳዩ። መረጃው የእናንተ ብቻ አይደለም። ደግሞም የቀድሞ ላቡን ምስጢር ያወጣ ሰው ነገ የእኛንም ያወጣል ብለው ያስባሉ።

ያለ ደመወዝ «እስኪ ለጥቂት ጊዜ እየው» ከተባላችሁ መጨረሻው ቀን በጽሑፍ ይቀመጥ። ቀን የሌለው ነፃ ሥራ ሲረዝም አይቻለሁ።

10. «እሺ» ከማለታችሁ በፊት

የውሉን ርዝመት፣ ደመወዙን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የጤና መድኅኑንና የሚጀመርበትን ቀን በጽሑፍ ተቀበሉ። የቃል ተስፋ ግራንት ሲዘገይ ይዘገያል። ለሌሎቹ ላቦችም ቦታ ማግኘታችሁን አሳውቁ፤ ዘርፉ ጠባብ ነው፣ ነገ ጉባኤ ላይ ትገናኛላችሁ።

ሥራው የሰው ደም ወይም ሕብረ ሕዋስ የሚነካ ከሆነ የጉበት ቢ (ሄፓታይተስ ቢ) ክትባት ልትጠየቁ ትችላላችሁ። የተለመደው ሦስት መርፌ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቦታው እንደተረጋገጠ ጀምሩ። እንስሳት ላይ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሥልጠናና ፈቃድ ሳታገኙ ጎጇቸውን እንኳ መክፈት ላይፈቀድላችሁ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኦንላይን የደኅንነት ትምህርት ቢያልፉ አትደንግጡ።

ለመጀመሪያው ቀን የተሸፈነ ጫማና ረጅም ሱሪ አድርጉ። ጋውኑን እነሱ ይሰጧችኋል። እስክሪብቶ ያዙ፤ የላብ መዝገብ በእርሳስ አይጻፍም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን ጻፉና የማቀዝቀዣዎቹ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ።